የወንዙ ዲግሪ

ዶርካስ ቲቦዶ ኮሌጁ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የራሷ ዲግሪ አልነበራትም። የሌሎችን ዲግሪ የምታሰናዳው ግን እሷ ነበረች። ከተዘጋጁት የትምህርት ዓይነቶች አንዱም ያልጣማቸው ተማሪዎች ከየክፍሉ ኮርስ እያወጣጡ የራሳቸውን ዲግሪ ሲነድፉ፣ ቅጹን የምትሰጣቸው፣ የጎደለውን የምታሳያቸው፣ ፋይሉን አሟልታ ለኮሚቴው የምታቀርበው እሷ ናት። እኔ ከሷ ክፍል ማዶ የተማሪዎች ማስረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። ይህን ታሪክ የነገረችኝ ራሷ ናት።

ሆሊስ ዌንገር ቢሮዋ የመጣችው ሁለተኛ ዓመቷን በጀመረችበት መስከረም ነው። ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምታስር፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ነበረች።

"ወይዘሮ ዶርካስ፣ ኬሚስትሪ እወዳለሁ። ታሪክም እወዳለሁ። ሽማግሌዎች ሲያወሩ መስማትም እወዳለሁ። ይሄ አንድ ዲግሪ ይሆናል?"

"እንዲህ ብለሽ ከመጣሽማ አይሆንም። ኮሚቴው ለወሬ ወዳድ ዲግሪ አይሰጥም" አለቻት ዶርካስ እየሳቀች። "አንድ ጥያቄ ፈልጊ። ያለ ሦስቱ የማይመለስ ጥያቄ ካገኘሽ ያኔ ነይ።"

ልጅቱ በሳምንቱ ተመለሰች። ያገኘችው ጥያቄ ወንዛችን ነበር። የወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነውም፣ ዓሣውን እንዳንበላ የሚከለክለው ማስታወቂያ ድልድዩ ላይ ገና አልተነሳም። ሆሊስ የወንዙን ጭቃ በኬሚስትሪ ልትመረምር፣ የፋብሪካውን መዝገብ በታሪክ ልታገላብጥ፣ የቀድሞ ሠራተኞችን ደግሞ ቁጭ ብላ ልታዳምጥ አሰበች።

በቀጣዮቹ ወራት ሁሉ ዕቅዱን ያወጡት ዶርካስ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዱን ኮርስ ያስገባሉ፣ ሌላውን ይሰርዛሉ።

"ስታቲስቲክስ የታለ?"

"ኧረ በፈጠረዎት! እሱ ይቅርብኝ።"

"አይቀርም። ሊንድክቪስት ያለሱ አይፈርምልሽም።"

ሊንድክቪስት የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር ነው። የሦስት መምህራን ፊርማ ያስፈልግ ነበር፣ አንዱ የሱ። የዲግሪውን ስም ራሱ ያወጣችላት ዶርካስ ናት፤ "ወንዝና ማኅበረሰብ" አለችው።

መጋቢት ላይ ሆሊስ የመጨረሻውን ረቂቅ አመጣች። ዶርካስ እንደ ልማዷ ከጀርባ ጀምራ ስታነብ፣ የመመረቂያው ሥራ ገጽ ላይ አንድ መስመር አገኘች፦ "የፋብሪካው የመርዝ በርሜሎች ወንዙ ውስጥ እንዲደፉ ያዘዙ የፈረቃ አለቆችን ማነጋገር።"

ባሏ አርማን በዚያ ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈረቃ አለቃ ነበር።

የሌሎቹ ሁለት መምህራን ፊርማዎች ቀድመው ገብተው ነበር። ሊንድክቪስት ለጥናት ወደ ሰሜን ሊሄድ ሲል የሱን ፈርሞ የዶርካስ የደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ጥሎላት ሄደ። ዶርካስ ወረቀቱን አወጣች፣ አየችው፣ ከመሳቢያዋ ውስጥ ከባዶ ፖስታዎች ሥር አስገባችው። ሰኞ አያይዘዋለሁ አለች ለራሷ። ሰኞ መጣ። ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ "ፋይሉ አልተሟላም" ብሎ መለሰው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት የገባ ተማሪ ደግሞ ማመልከት አይችልም። ነገሩ በዚያው አበቃ።

ሆሊስ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

"ፕሮፌሰሩ ረስቶት ነው የሄደው። እኔም ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ሁሉ ወር በከንቱ አደከምኩዎት።"

"ምንም አይደል" አለቻት ዶርካስ።

ሊንድክቪስት ሲመለስ ሳጥኑ ውስጥ ማስገባቱን ተናገረ። ዕቃ በመጣል የታወቀ ሰው ስለነበረ ማንም አላመነውም። ዶርካስ ፊት ቆሞ የካፖርቱን ኪሶች አንድ በአንድ ሲፈትሽ እሷም ዝም ብላ አየችው።

ከዚያ ወዲህ ምግብ እምቢ አላት። አንድ ቅዳሜ አርማን የሠራው ቦሎቄ ፊቷ ቀዝቅዞ ሳለ፣ "ምንድን ነው የሆንሽው?" አላት። ነገረችው።

አርማን ማንኪያውን አስቀመጠ። "ማን ጠብቂኝ አለሽ?"

"አርማን፣ ስምህ በከተማው ሁሉ..."

"ስሜ! እኔ አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ እያልኩ ስንት ዓመቴ! ጠያቂ መጣልኝ፣ አንቺ በሩን ዘጋሽብኝ።"

ተነስቶ ወጣ። እስኪመሽ አልተመለሰም።

ሰኞ ጠዋት ዶርካስ ወረቀቱን ይዛ የኮሌጁ ዲን ዘንድ ገባች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት፣ የዲግሪ ፋይሎቹም ለሌላ ሰው ተላለፉ። ኮሚቴው ምክንያቱን ለሆሊስ ሳይገልጽ ጉዳዩን እንደገና ለማየት ፈቃደኛ ሆነ። ሆሊስ ግን እምቢ አለች። ኬሚስትሪ ተመዝግባ ነበር፤ ሁለተኛ ለልመና አልቆምም አለች።

ዶርካስ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አገኘቻትና ሁሉንም በራሷ አፍ ነገረቻት።

"እናቴን ፕሮፌሰሩ ነው ያበላሸብኝ ብያታለሁ" አለች ልጅቱ። "ለሱም ሰላምታ ነስቼዋለሁ። መጀመሪያ እሱን ላስተካክል።" ትንሽ ሄደች፣ ዞረች። "ባለቤትዎ ያነጋግሩኛል?"

"እየጠበቀሽ ነው።"

"እርስዎ ግን እኔ ስመጣ እቤት እንዳይኖሩ።"

ሰኔ ላይ ሆሊስ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ መቅረጫዋን ይዛ እቤታቸው መጣች። ለውጤት ሳይሆን ለራሷ ነው። ዶርካስ በነዚያ ቀናት እኔ ዘንድ እየመጣች ትቀመጥ ነበር፤ ታሪኩንም ያኔ ነው የነገረችኝ።

ዶርካስ ሊንድክቪስትንም ይቅርታ ጠይቃዋለች። ሰውየው እፎይ ብሎ ሳቀ። "እኔ እኮ የጃጀሁ መስሎኝ ጭንቅላቴን ልመረመር ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር!" አላት። እሷ አልሳቀችም።

ሆሊስ በኬሚስትሪ ተመረቀች። ዶርካስም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣች። "ፈርተሽ ነው እኮ፣ ማንም ይፈራል" እያልኩ ላጽናናት ብሞክር አንድ ቀን አቋረጠችኝ።

"ፍርሃት ቢሆን ጥሩ ነበር" አለችኝ። "መሳቢያውን ስዘጋው፣ ለሷም ቀረባት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው።"