አፕዴት አቃጠለው ያለኝ ሻጭ

የልጅ ልጄ ቤት ሆና የሠርግ አልበም በኮምፒውተር ትሠራለች፤ እንጀራዋ እሱ ነው። አንድ ጠዋት ስክሪኑ መስመር በመስመር ሆነና ጠፋ። ዋስትናው ስላላለቀ ታይዋን ወደሚባለው የድሬ ገበያ፣ ለሸጠላት ሰውዬ ወሰድነው።

ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ፣ "አፕዴት አድርገሻል?" አላት።

ትናንት ማድረጓን አልደበቀችም።

"በቃ፣ አፕዴቱ የግራፊክስ ካርዱን አቃጥሎታል። ራስሽ ላቃጠልሽው ዋስትና የለም።"

እሷ አንገቷን ደፋች። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን ሳይነካ በሽታ የሚያውቅ ሐኪም አይቼ አላውቅም።

"ከፍተህ አይተኸዋል?"

"እናቴ፣ ይሄ አንቺ አይገባሽም።"

"ስለማይገባኝ ነው ክፈተው የምልህ።"

እምቢ ሲል ሁለት ሱቅ አልፎ ወዳለ ኮምፒውተር ጠጋኝ አስወሰድኩት። ሻጩም ሊስቅብኝ ተከተለን። ጠጋኙ ምስል የሚያወጣውን ካርድ ነቅሎ የራሱን ሰካ። አፕዴቱ ሳይነሳ እንዳለ ስክሪኑ በራ።

"መጥፎ አፕዴት ምስል ያጠፋል፤ የድሮውን ስትመልሺው ይስተካከላል" አለኝ። "ማራገቢያ አስቁሞ ካርድ ያቃጠለም አይጠፋም፤ ግን ከስንት አንዴ ነው። ይሄ ወላሂ የአፕዴቱ ሥራ አይደለም።"

ከካርዱ ማራገቢያ ላይ የተጠመጠመ ረጅም ነጭ ክር በወረንጦ ሳበ።

ለሻጩ ያዘጋጀሁት ስድብ አፌ ላይ ቀረ። ክሩን አውቀዋለሁ። የድሬ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ኮምፒውተሩን ዳንቴል ሠርቼ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ጀርባው ላይ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ጥቅጥቅ አድርጌ እሸፍናለሁ። ልጅቷ ስታነሳው እመልሳለሁ፤ እሷ ስለ አቧራ ምን ታውቃለች እያልኩ።

ሻጩ ሳቀ። "እሺ እናቴ፣ አሁን ማን አቃጠለው?"

"እኔ። አንተ ግን ሳታይ እሷ ናት ብለሃል። ዋስትናህን ተወው፤ ቃልህን መልስላት።"

ትቶኝ ወደ ሱቁ ሄደ። ልጅቷን ይዤ ተከተልኩትና በሩ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የመጣው ገዢ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሁለተኛው ገዢ ሲመጣ ሻጩ ግድግዳውን እያየ፣ "አንቺ አላቃጠልሽውም" አለ።

"ወደ እሷ ዞረህ" አልኩት።

ዞሮ አላት።

ባጃጅ ውስጥ ልጅቷ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ ይዛ፣ "አንቺስ እማማ፣ ምንም አትዪኝም?" አለችኝ።

መንገዱን እያየሁ ልመልስላት ነበር። ወደ እሷ ዞርኩ።