በበዓለ ሃምሳ የጾመች ልጅ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄን ይዤ ከዲክሲስ አሰላ ገባሁ። እህል ተራ፣ አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ስንዴ አበጥራለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራ አላጣሁም። ቁርስ ግን ሁልጊዜ አይገኝም ነበር።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ አቅም ለሌላቸው ልጆች ጠዋት ጠዋት በነጻ ማብላት ሲጀምርና የኔም ልጅ ስትመረጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ደጁን ስሜ አመሰገንሁ። ለተመረጡት ሁሉ ብርቱካንማ የፕላስቲክ ሳህን ሰጧቸው። እሷን በቦርሳዋ ይዛው ስትሄድ አይቼ፣ ያን ቀን የስንዴው አቧራ አልታወቀኝም።

ብዙ ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ገባ። ልጄ እስከ ስድስት ሰዓት እጾማለሁ አለች። ገና ስድስተኛ ክፍል ናት። የትምህርት ቤቱ ቅንጬ በዘይት ነው፣ ጠዋት ብትበዪም ኃጢአት አይሆንብሽም ብላት እንቢ አለች። የንስሐ አባቴ ትንሽ ናት፣ አታስጨንቂያት አሉኝ። እኔ አይደለሁም አባቴ፣ ራሷ ናት አልኋቸው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ፋሲካ ሲያልፍ፣ እንግዲህ ቁርሷን እዚያ ትበላለች ብዬ ጠዋት ቤት ዳቦ ማስቀረቱን ተውሁ። ከሳች። ቁመት እየጣለች ነው አልሁ።

አንድ ረቡዕ ለልጆቹ የምታበስለው ሴትዮ መጋዘን ድረስ መጣች። ጎረቤቴ ናት፤ ሙስሊም፣ የአርሲ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ። ጆንያ ላይ ቁጭ አለችና፣

«እህቴ፣ የኛ እኮ በአንድ ወር ያልቃል። የናንተ ጾም መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

ፈስከን ሰነበትን፣ አሁን እኮ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም አልኋት። ሳቋ ቆመ። ልጅሽ ዛሬም ጾም ነኝ ብላ ሄደች አለችኝ። በየቀኑ እንደዚያ ትላታለች፤ እሷም ሃይማኖቷን አክብራ ብይ ብላ አልጫነቻትም። ከዘንቢሏ ሳህኑን አወጣች። ልጄ አስቀምጪልኝ ብላ ትታው ኖሯል። የዋጋው ወረቀት ከሥሩ አልተላጠም።

ቤት ስገባ ሳህኑን ፊቷ አስቀመጥሁት። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። የተመረጡትን ከሰልፍ ለይተው ፊት ያቆሟቸዋል። ክፍል ውስጥ ስማቸው ቀርቶ «ሳህን» ሆነዋል። አንዷን ጓደኛዋን፣ ሳህን፣ ዛሬ ምን ቀቀሉላችሁ እያሉ አስለቅሰዋታል።

«ጾም ነኝ ስላቸው ግን ማንም አይስቅብኝም፣ እማዬ።»

በእግዚአብሔር ስም ለምን ዋሸሽ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ተውሁት።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድሁ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሰው አክባሪ ነው። ሳህኑ እዚያው ትምህርት ቤት ቢቀመጥ፣ ልጆቹም ከሰልፍ ባይለዩ ብዬ ለመንሁት። ምግቡን የሚለግሱት ሰዎች ለሌላ እንዳይሄድ ልጆቹ ተለይተው እንዲታዩ ይፈልጋሉ፣ ለከርሞ እንነጋገርበታለን አለኝ። አመሰገንሁት። ከልቤ ነው። እዚያ ቅንጬ ባይኖር ምንም የማይቀምሱ ልጆች አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዳቦዬን ለሁለት እገምሳለሁ። ግማሹን ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ዩኒፎርሟን ሳትለብስ ትበላዋለች።

የሐዋርያት ጾም በገባ ዕለት ዳቦውን ሳቀርብላት እጇን ሰበሰበች።

«አሁን እኮ የእውነት ጾም ነው አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኋት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ፊቷ እንደዚያ ፈታ ካለ ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር። ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥሁላት፣ እስከ ስድስት ሰዓት።