አባቴ የሚተፋው ወይን

ባለፈው ወር ሮተርዳም ውስጥ የተከራየሁትን ቤት ቁልፍ ስረከብ፣ ቤቱን የሚያሳየኝ ሰውዬ በመጨረሻ ወደ ምድር ቤት ይዞኝ ወረደና ቤርኺንግ የሚሉትን፣ ብስክሌትና አሮጌ ሻንጣ የሚታጎርበትን ጠባብ ክፍል ከፈተልኝ። መብራቱን ከማብራቱ በፊት ሽታው መጣ፤ እርጥብ ድንጋይ፣ የሻገተ እንጨት፣ ትንሽ ኮምጣጤ የነካው ቀዝቃዛ አየር። ሰውዬው ስለ እርጥበቱ ይቅርታ እየጠየቀ ማራገቢያ እንደሚገጠም ያስረዳኛል፣ እኔ ግን የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን አገር፣ በአንዲት አሮጊት ሴት የወይን ጓዳ ውስጥ፣ በእናቴና በአባቴ መሀል ቆሜአለሁ። ፈርሜለት ወጣሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ አስቴር በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን የምታጥብና የምታለብስ ተንከባካቢ ነበረች። አባቴ ተስፋዬ ደግሞ መሀል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ከሳህን ማጠብ ተነስቶ፣ በትዕግሥቱና በማይረሳው ጭንቅላቱ፣ ለእንግዳ ወይን መርጦ እስከሚያቀርብ አስተናጋጅነት የደረሰ ሰው ነው። ሌላ ቤት ቢሆን ድግስ ያስደግስ ነበር። እኛ ግን ጴንጤዎች ነን። እሁድ እሁድ ዴን ሃግ፣ ሄግ የሚሏት ከተማ ድረስ እየነዳን በምንሄድባት፣ ሆላንዶቹ አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ ከሰዓት በኋላ ተከራይተን በምንሰበሰብባት ቤተ ክርስቲያን፣ አባዬ «ሆቴል ይሠራል» ይባል ነበር፤ ሆቴሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ፊት ለፊት የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከሥራ ሲገባ ኮቱ ይሸታል። እማዬ ኮቱን ተቀብላ ስትሰቅል አፍንጫዋን ወደ አንገትጌው ጠጋ ስታደርግ አያታለሁ። አባዬ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚነግራት አንድ ነገር ነው፤ ወይኑን አፉ ውስጥ ያገላብጠዋል፣ ጣዕሙን ይይዛል፣ ከዚያ ይተፋዋል፣ የሥራው ደንብ ይኸው ነው። እማዬ ይህን እንደ ተረት ነበር የምትሰማው። እሷ ባደገችበት ቤት የቀረበን መትፋት ከስርቆት የማይተናነስ ነውር ነው፤ ያውም ሀብታም የሚሻማበትን መጠጥ! «ማነው ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከአፉ አውጥቶ የሚተፋ?» ትለኝ ነበር፣ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ። ለእሱ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረችም። በዚያ ፈንታ ረቡዕ ረቡዕ ለሚገናኙት የእህቶች ጸሎት ስሙን ሰጠች።

ይህን የማውቀው እህቶቹ እኛ ቤት ሲሰበሰቡ እኔ በሚቀጥለው ክፍል የቤት ሥራዬን ስለምሠራ ነው። የሚመሩት እትዬ ማርታ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ግድግዳ የማይበግረው ትልቅ ሴት ነበሩ። «ወንድማችን ተስፋዬን ከመጠጥ እስራት ፍታልን!» ሲሉ እስክሪብቶዬ ይቆማል፤ «አሜን» ከሚሉት መሀል የእማዬን ድምፅ እለየዋለሁ። ይህ ስድስት ዓመት ቆየ። አባዬ አያውቅም። በየጊዜው የሽማግሌዎች ምርጫ ሲመጣ ስሙ ለምን እንደሚዘለል አይገባውም፤ ወንበር የሚደረድረው፣ የታመመ የሚጠይቀው፣ አዲስ የመጣውን ሰው በመኪናው የሚያመላልሰው እሱ ነው። ምርጫው ባለፈ ቁጥር «ጌታ ጊዜ አለው» ብሎ ይተወዋል። እኔ ሁለቱንም ስለምወዳቸው አፌን ዘጋሁ፤ ዝም ማለት ጨዋነት የሚመስልበት ዕድሜ ነው።

የቡርጎኝን ጉዞ ያመጣው አባዬ ነው። የመንደሮቹን ስም ለእንግዳ ሲጠራ ኖሮ አንዳቸውንም በዓይኑ አላየም። እማዬ ዘመድ ወዳለበት ፍራንክፈርት መሄድ ነበር ያማራት፤ «የገበሬ አገር ነው፣ አባትሽን ታስታውሺበታለሽ» ብሎ አግባባት። መኪናው ላይ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽና ሁለት ድስት ተጫነ፤ ፈረንሳዮች ምግብ እንደማያውቁ ሁሉ። ቤልጂየምን በሙሉ የእማዬን መዝሙር እየሰማን አቋረጥን።

አገሩን ሳየው መጀመሪያ የገረመኝ ንጽሕናው ነው። ኮረብታው ከላይ እስከ ታች በረድፍ በረድፍ የተተከለ የወይን ቁጥቋጦ ነው፤ ከወገብ አይበልጥም፤ በየረድፉ ጫፍ የጽጌረዳ ተክል ቆሟል፣ በየማሳው ዙሪያ አጭር የድንጋይ ካብ አለ። እማዬ ከመኪና ወርዳ ዝቅ ብላ አፈሩን ዘገነችና «ይሄ ድንጋይ ነው እኮ! ምን ያበቅላል ብለው ነው?» አለች። አባዬ ደስታውን አልቻለም፤ ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው ብሎ ከዚህኛው ማሳ የሚገኘው ወይን ነገሥታት የሚጠጡት እንደሆነ፣ ከእግር መንገዱ ማዶ ያለው ግን ለተራ ሰው እንደሚሸጥ ያስረዳት ጀመር። ሰምታው ሰምታው «ታዲያ መንገዱን ለምን ትንሽ ገፋ አያደርጉትም?» አለችው።

እዚያው ቡርጎኝ፣ ቦን የምትባለው ከተማ ውስጥ ጣሪያው እንደ መሶብ ስፌት በቀለም የተዥጎረጎረ ጥንታዊ የድሆች ሆስፒታል አየን፤ እማዬ ከጣሪያው ይልቅ በረድፍ የተዘረጉትን አልጋዎች ነው የመረመረችው፤ በሽተኛውን ከየት በኩል እንደሚያነሱት ለማወቅ ፈልጋ። የአገሩ ሰናፍጭ ዓይኗን አስለቅሷት «ይሄስ የኛ ነው» ብላ ሦስት ብልቃጥ ገዛች። አባዬ የገዛው ብርቱካንማ ቅርፊት ያለው አይብ ግን በነሐሴ ሙቀት መኪናው ውስጥ ነፍስ ዘርቶ መስኮት ከፍተን ለመንዳት አስገደደን። ምግብ ቤት ስንገባ ለአባዬ ቀንድ አውጣ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ተጠብሶ ቀረበለት፤ እማዬ ማዕዱን የባረከችው አንድ ዓይኗን ከፍታ ነው። እኔ አንዱን ቀመስኩ፤ ቅቤው ግሩም ነው፣ ውስጡ ያለው የብስክሌት ጎማ ይመስላል።

እማዬ ያዘዘችው የበሬ ሥጋ ወጥ ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሥጋው በሹካ ሲነካ የሚፈርስ። እንዲህ ስታጣጥም አይቻት አላውቅም፤ መረቁን በዳቦ እየጠረገች «ይቺ ሴትዮ ሙያ አላት፣ ሽንኩርቱን ጊዜ ሰጥታዋለች» ትላለች። እኔ የምግብ ዝርዝሩ ላይ የሆላንድኛውን ትርጉም ሳነብ «ማማ፣ በወይን ነው እኮ የተቀቀለው» አልኳት። ዳቦው አፏ ጋ ቆመ። አባዬ ሳቁን ውጦ «አልኮሉን እሳት ወስዶታል» አላት። የጎረሰችውን ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠችና «ለማንም እንዳትናገሩ» አለችና እሷው ቀድማ ሳቀች። ሦስታችንም በአንድ ነገር አብረን የሳቅንበትን ጊዜ ስቆጥር የማስታውሰው የመጨረሻው ይህ ነው።

በሦስተኛው ቀን አባዬ ወይኗን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ለእንግዶቹ ወደሚያቀርብላት አሮጊት ገበሬ ቤት ወሰደን። የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ጥፍሮቿ ሥር አፈር የገባ ሴት ናት። አባዬ የሚያውቀው ፈረንሳይኛ የወይን ፈረንሳይኛ ብቻ ነው፤ ሃያ ዓይነት ጣዕም በስሙ መጥራት ይችላል፣ ሽንት ቤት የት እንደሆነ መጠየቅ ግን አይችልም። ቢሆንም ተግባቡ። በድንጋይ ደረጃ ወደ ጓዳው ወረድን፤ በሁለት በኩል በርሜል ተደርድሯል፣ ግድግዳው ያልበዋል። ወይን ሊገዙ የመጡ ሁለት ቤልጂጎችም እዚያ ነበሩ፤ ቋንቋቸው ከሆላንድኛ የማይለየው ፍላሚሽ ስለሆነ ከእኛ ጋር በሆላንድኛ ሰላምታ ተለዋወጡ።

አሮጊቷ ከበርሜሉ በመስታወት ቱቦ ቀድታ ለሁሉም በየብርጭቆው ጠብ ጠብ አደረገች፤ እማዬ እጇን ከኋላዋ አጣምራ ቆማለች። አሮጊቷ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለች፣ ጉንጯ ውስጥ አገላበጠችው፣ ከዚያ እግሯ ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ ጢቅ አደረገችው። ቤልጂጎቹም ተራ በተራ ተፉ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ቆይቶ ጎንበስ አለና እንደ ቀጭን ክር ወጥ አድርጎ ባልዲው መሀል አሳረፈው፤ ነጭ ሸሚዙን አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ብዙ ዓመት የሠለጠነበት ሰው አተፋፍ ነበር። አሮጊቷ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች።

እማዬ ባልዲውን አየችው። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ቤልጂግ በሆላንድኛ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ለአሮጊቷ ተረጎመላት፣ ሳቀች፣ መልሷንም መለሰልን። «የሚሠራበት ሰው ይተፋል፤ የሚውጠው ጎብኚ ነው። ብውጠው ኖሮ ከባሌ በፊት ትቀብሩኝ ነበር ትላለች።» አባዬ ይህን አልሰማም፤ ወደሚቀጥለው በርሜል አልፎ ነበር። እማዬ ደረጃውን ወጣች።

ተከትያት ስወጣ የድንጋዩ ካብ ላይ ተቀምጣለች። እያለቀሰች አልነበረም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «እውነቱን ነበር» አለችኝ። «እውነቱን እየነገረኝ ነው ስሙን ያጠፋሁት።» ክንዴን ያዝ አድርጋ «ለእሱ አትንገሪው። ያጠፋሁበት ቦታ ቆሜ እኔው አስተካክለዋለሁ» አለች። «ኤኽት?» አልኳት፣ የምር ነው ወይ ለማለት። «በጌታ ፊት» አለች። ያን ቀን በእናቴ ኮራሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ።

ከጉዞው በኋላ ባለው እሁድ፣ ምስክርነት ያለው ይውጣ ሲባል፣ እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱሱን ያገላብጣል። ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ «ቅዱሳን፣ ስለ ባለቤቴ ስለ ተስፋዬ ስድስት ዓመት ሙሉ የጸለያችሁ እህቶች ታውቃላችሁ» ብላ ጀመረች። የአባዬ ጣት ገጹ ላይ ቆመ። «ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው፣ ባለቤቴ መጠጥ አይጠጣም...» ስትል እትዬ ማርታ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እልል አሉ። እማዬ ማይኩን ይዛ «ጠጥቶም...» አለች፤ ነገር ግን እልልታው ቤቱን ሞላው፣ ኪቦርዱ ተከተለ፣ ሰዉ እያጨበጨበ ቆመ። እትዬ ማርታ መጥተው አባዬን አንገቱን አቀፉት። «ወንድም ተስፋዬ፣ ስንት አልቅሰንልሃል! ጌታ ፈታህ! ጸሎታችን ተሰማ!» እማዬ መድረኩ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማት ግን የለም።

መዝሙሩ ጋብ ሲል ፓስተሩ አባዬን ወደ ፊት ጠራውና አንድ ቃል እንዲናገር ማይኩን ሰጠው። አባዬ ጉባኤውን አየ፣ ከዚያ እማዬን አየ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ያን ዓረፍተ ነገር ቢናገር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በባሏ ላይ በሐሰት የጸለየች ሴት ሆና በሁሉ ፊት ቆማ ትቀር ነበር። «ስለ ጸለያችሁልኝ ጌታ ይባርካችሁ» አለና ማይኩን መለሰ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዴልፍት መገንጠያ ደረስን። እዚያ ስንደርስ ነው አባዬ መንገዱን ተሳስቶ ወደ ሮተርዳም አቅጣጫ እየነዳ እንደነበረ ያወቅነው። መኪናውን እያዞረ «ስድስት ዓመት?» አላት። «ስድስት» አለችው። «ይቅር በለኝ» አለችው ቀጥላ፤ «ብያለሁ» አላት። እውነቱን እንደሆነ አምናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም።

ሆቴሉ የወይን ክፍሉን ኃላፊነት ሊሰጠው ነበር፤ እሱ ወደ ቁርስ አዛውሩኝ አለ። ከመጠጥ የዳነ ሰው ወይን ሲያቀርብ ቢታይ ምን ይባላል? በፊት እራት ላይ ተቀምጦ ዛሬ የቀመሰው ወይን ዝናብ የመታው ድንጋይ እንደሚሸት፣ ሌላው የእንጆሪ ማርማላታ እንደሚመስል ሲነግረን ዓይኑ ይበራ ነበር። ስለ እንቁላልና ስለ ቡና ማሽን ግን ብዙ የሚነገር ነገር የለም። በሚቀጥለው ምርጫ ሽማግሌ ሆነ፤ ያለ አንድ ተቃውሞ ነው የተመረጠው። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ የማይጠጣ ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዳነ ሰው ነው። ለሌላው ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው።

ዛሬ መጠጥ ያስቸገረው ሰው ሲኖር የሚላከው ወደ እሱ ነው፤ መንገዱን ያውቀዋል ይባላል። ባለፈው ገና ቤታቸው ስሄድ አንድ ባለትዳር ሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን እያፍተለተለ አገኘሁት። «ጋሼ፣ እርስዎ የመጀመሪያውን ወር እንዴት ቻሉት?» ብሎ ጠየቀው። «ከባድ ነበር» አለው አባዬ። «ብቻህን አትችለውም። እኔ ሚስቴ ነበረችልኝ።» ይህን ያለው ለቅጣት ይሁን ለምሕረት እስከ ዛሬ አላውቅም። እማዬ ከሰውዬው ጎን ተቀምጣ ነበር፤ ሰውዬው ዞር ብሎ በአክብሮት እጅ ነሳት፤ እሷም፣ ሌላ ምን ታድርግ፣ «አሜን» አለች።