ሳልጨርሰው ያጠፍኩት ደብዳቤ

አባቴ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲነበብለት ትዕግሥት አልነበረውም። አፉን የፈታው በአዊኛ ነው፤ አማርኛውን የለመደው በገበያና በግንባታ ቦታ ነው። ስለዚህ ማህተም ያለበት ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ማንበብ እወድ ነበር፤ ከማንበቡ ይልቅ ግን እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያዳምጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እኛ ልጆቹ ያደግነው እሱን በመጠበቅ ነው። ለሌሎች ተቋራጮች እየተቀጠረ አገር ላገር ሲዞር ኖሮ፣ በስተመጨረሻ በስሙ ፈቃድ አወጣና ቤታችን ወዳለበት ወደ ቆሰበር ተመለሰ። የመጀመሪያው ደህና ሥራ አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት አዘና አጠገብ የሚያሠራው ጤና ኬላ ነበር። ይህ ሥራ ከተሳካ አባቴ ቤቱ እያደረ ይሠራል። ካልተሳካ ደግሞ ሻንጣውን ያነሣል። እኔ ከዓለም የምፈልገው እንዳይሄድ ብቻ ነበር።

ከጨረታው ሰነድ ጋር ድርጅቱ ደብዳቤ ሰጠው። «እስቲ አንብቢው» አለኝ። «ድርጅቱ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ መሆኑን እንገልጻለን» የሚለው ላይ ስደርስ ብድግ አለ።

«በቃ! ሲሚንቶውም ቆርቆሮውም ያለ ቫት ነው!»

ሁለት መስመር ይቀር ነበር። አይቼዋለሁ። እሱ ግን እናቴን እየተጣራ ወደ ጓሮ ወጥቷል፤ ሳቁ እስከ ጎረቤት ይሰማል። ወረቀቱን አጠፍኩት። ሰው እንደዚያ ሲስቅ ማን ያቋርጠዋል?

በእሱ ቤት ነገሩ ግልጽ ነበር። በተወለደበት ቀበሌ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እንጨት የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ ለጠጣው ጠላ ዋጋ አይጠየቅም፤ ባለጋሪም ሒሳብ አይቀበለውም። የታቦቱን ሥራ የሚሠራ የታቦቱ ሰው ነው። ድርጅቱ ነፃ ከሆነ፣ ለድርጅቱ የሚሠራስ ለምን ነፃ አይሆንም? ዋጋውን ያለ ቫት አስልቶ አስገባ፤ አሸነፈ፤ ውሉንም ፈረመ።

ዕቃ ልንገዛ ዳንግላ አብረን ሄድን። ከመናኸሪያው በጋሪ ስንሄድ ለባለጋሪው ስለ ጤና ኬላው መስኮቶች ሳይቀር አወራለት። የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ ደብዳቤውን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ እንደሚለው ይሄ ለድርጅቱ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ድርጅቱ በራሱ ስም ሲገዛ ነው ነፃ የሚሆነው። ተቋራጩ ሲገዛ ይከፍላል።»

«የምሠራው ለእነሱ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ደረሰኙ የሚወጣው ግን በእርስዎ ስም ነው።»

ከዚያው ስልክ ደወለ፤ ድርጅቱ ዕቃውን በስሙ እንዲገዛለት ለመነ። ውሉ ዕቃ የሚያቀርበው ተቋራጩ ነው ስለሚል አይቻልም አሉት።

ሚኒባስ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ሁለቱን መስመሮች አይቼ ዝም ማለቴን ነገርኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ተነሥቼ ስሮጥ ማን ያስጨርስሽ?» አለኝ። «ደግሞ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

ጤና ኬላውን ጨረሰው። «ጣሪያ የሌለው ቤት ጥዬ ሄድኩ አልባልም» ብሎ፣ ቫቱን ከኪሱ ለመክፈል የሲሚንቶ ማቡኪያ ማሽኑን ሸጦ፣ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን መታ። ከዚያ ፈቃዱን መለሰና ሻንጣውን አነሣ። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ሌላም ቦታ በሰው ሥር ሠራ። ውል በሰጡት ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል፤ ይደውላል። እኔም ከቀኑ ጀምሬ እስከ ፊርማው አነብለታለሁ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ያን ያህል ማንበብ አያስፈልግም ነበር፤ ድምፁን ማቆየት ፈልጌ ነው። ሐዋሳ እያለ ታመመ፤ ሳልደርስለት ሞተ።

ትዳር ይዤ አዘና ገባሁ። ባለፈው ዓመት ልጄን ላስከትብ ያንኑ ጤና ኬላ ሄድኩ። ግድግዳው አንድ ቦታ እንኳ አልተሰነጠቀም። በር ላይ የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ተራዬ ሲደርስ ለጤና ባለሙያዋ፣ ሳትጠይቀኝ፣ «ይህን ቤት የሠራው አባቴ ነው» አልኳት።

መርፌዋን እያዘጋጀች ቀና አለች። «ድርጅቱ አይደል እንዴ የሠራው?»

«አባቴ ነው» አልኳት። ልጄ ስትወጋ ጮኸች፤ ባለሙያዋ እሷን ስታባብል እኔም አለቀስኩ።