የጋሼ ቀርከሃና የእኔ ቅናት

ከባቢሌ እስከ ሀርሺን ድረስ መጠጥ በማዋሃድ የሚስተካከለኝ ሰው የለም። ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም። እርግጥ ነው፣ በዚህ መስመር ከሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ከቀረነው ውስጥ መጠጥ እናዋህዳለን ብለን የምንፎክረው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አንዱን ሐኪም ከለከለው፣ ሌላው ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። አንደኝነቱ በዚህ መንገድ እጄ ገባ። ቢሆንም አንደኝነት አንደኝነት ነው።

የእኔ ሙያ ቱርቦ ነው። ድራፍት፣ ነጭ ወይን፣ ለስላሳ፣ ከዚያ እጄ እንዳመራኝ ጂን፤ ሁሉንም በትልቅ ጆግ እገለብጥና በመጣ ማንኪያ አማስላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቼ ጅግጅጋ ያለው ግቢዬ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ነፋሱ የካራማራን አቧራ ተሸክሞ በላያችን ሲያልፍ ብርጭቋችንን በመዳፋችን ከድነን እንጠጣለን። የእኔን ቱርቦ የጠጣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ከግመል ጋር ሲከራከር ተገኝቷል። ግመሉ ረታው።

በእኔ ቤት ብርጭቆ ጎድሎ አያውቅም። እንግዳው ገና ሁለቴ ሲጎነጭ እሞላለሁ፤ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» እላለሁ፤ እጁን ብርጭቆው ላይ ቢጭን በጣቶቹ መሃል አንቆረቁራለሁ። ያደግንበት ደንብ ነው። ጎደል ያለ ብርጭቆ የሚያቀርብ ሰው እኛ ዘንድ ስሙ ከበር ሳይወጣ ይጠፋል።

ባለቤቴ ብቻ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበረች። ነርስ ናት፤ ቱርቦ ራሷን ያሳምማታል። ከተጋባን ጀምሮ ለስላሳዋን ይዛ ትንሽ ትቀመጥና ጆጉ ብቅ ሲል «በሉ እናንተ ተጫወቱ» ብላ ወደ ቤት ትገባለች። ሥራ ይኖርባታል ብዬ ቀልዴን እቀጥላለሁ።

ኮሮና ጋብ ባለበት ሰሞን ጋሼ መጡ። ከአጥራችን ቀጥሎ ያለው ቤት የሟች እህታቸው ነው። እዚሁ ጅግጅጋ የተወለዱ የወታደር ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በአዲጋላ በኩል በባቡር ጅቡቲ ገብተው፣ እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ ባርማን ሆነው ሸበቱ። ሲመለሱ የያዙት አንድ ሻንጣ ነበር፤ ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ ብርጭቆ።

ጎረቤት እንተዋወቅ ብለው እኔንና ባለቤቴን በአንድ ቅዳሜ ጠሩን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ አስቀመጡ። አንደኛው ሼሪ የሚባል ደረቅ የስፔን ወይን ነው። ሁለተኛው ቬርሙት፣ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር የተዘፈዘፈበት ነጭ ወይን። ከሁለቱ እኩል እኩል ለኩ። ከብርቱካን ልጣጭ የተሠራ መራራ ነገር ከትንሽ ብልቃጥ ጠብ ጠብ አደረጉበት። ከዚያ በረዶ በሞላው ብርጭቆ ውስጥ በረጅም ማንኪያ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅሱ የሚጠነቀቁ ይመስል፣ ቀስ እያሉ አማሰሉት።

«አይናጥም» አሉ። «ወተት አይደለም።»

ቀዝቀዝ ሲል በረዶውን አስቀርተው እግር ባላት ትንሽ ብርጭቆ ቀዱት፤ ከሎሚ ልጣጭ ቀጭን ቆርጠው ከላዩ ጠምዘዝ አደረጉበት።

«ስሙ ማነው ጋሼ?» አለች ባለቤቴ።

«ፈረንጆቹ ቀርከሃ ይሉታል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም ደመወዜን እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቅኳቸውም።»

ቀርከሃ እኔ የማውቀው መሰላል ሲሆን ነው። ብርጭቆዋን አየኋት፤ የሳል ሽሮፕ ልክ ናት፣ እሷም አፏ ድረስ አልሞላችም። የቀረው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ቀመስኩት፤ የባቢሌ ለውዝ ከነገለባው ያኘኩ መሰለኝ። ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ መዓዛው ደህና። ወደ ራስ የሚወጣ ነገር ግን የለበትም።

«ጋሼ፣ ጉልበት ያንሰዋል።»

«እንዲያንሰው ተብሎ ነው ልጄ። ሰው እየጠጣ እንዲጫወት ነው።»

ልጄ። ፂሜ ከእሳቸው እኩል ሸብቷል እኮ።

ባለቤቴ ብርጭቆዋን እየጎነጨች ተቀመጠች። ራሷን አላመማትም። አልተነሳችም። ቆየት ብላም ማውራት ጀመረች። ስለ አንድ የሀርሺን ከብት ነጋዴ፤ የግመል አፍ ከፍቶ ጥርስ የሚቆጥር ጎበዝ፣ መርፌ ሲያይ እናቱ ጀርባ ተደብቆ «እሷን ውጉልኝ» ያለ። የሰውየውን ድምፅ አስመሰለችው፣ የእናቱንም፣ የራሷንም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ይህን ታሪክ እኔ ሰምቼው አላውቅም። በእኛ ቤት ተረት የሚያወራው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ምሳ ሳይነሳ ባለቤቴ ብድግ ትላለች። «ለጋሼ በረዶ ላድርስላቸው፤ የእሳቸው ፍሪጅ ደካማ ነው።» በረዶዬ ላይ እንኳ ቀናሁ። እኔ ከመብራት መጥፋት ጋር ታግዬ ያቀዘቀዝኩት ውሃ፣ አጥር ዘሎ ሌላ ሰው ሊያገለግል! ቀስ በቀስ ጓደኞቼም «ጋሼን ሰላም እንበል» እያሉ መዝለል ጀመሩ። እኔ ጆጌን ታቅፌ ከአጥሩ ወዲህ ቀረሁ። ሳቋ በአጥሩ ላይ ይመጣል። ሚስቴ እንዲህ እንደምትስቅ የማላውቅ ሰው መሆኔ፣ ሌላ ሰው ቤት ከመሳቋ በላይ አቃጠለኝ።

መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ ሶማሌ ወዳጅ አለኝ፤ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ሲቀመጥ ከሻይ ሌላ አይቀምስም። ለእሱ አማረርኩ።

«ዋሪያ፣ ሰውየው እኮ ሽማግሌ ናቸው» አለኝ። «ምን አስፈራህ?»

«ሽማግሌ መሆናቸው ነው የጎዳኝ። እኩያዬ ቢሆኑ ስድብ ነበረኝ። በ‹እርስዎ› ጠብ ሲጀመር አይተህ ታውቃለህ? ‹እርስዎ ሌባ ነዎት፣ ሚስቴን ያስቁብኛል› ይባላል?»

«ወላሂ አይባልም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አንተም አስቃት።»

ሲያስቀኝ የኖረ ሰው እንደዚህ ያለ ቀልድ የማያውቅ ምክር ሲሰጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ናቅኩት። ጋሼን በራሳቸው መሣሪያ ልረታቸው ወሰንኩ። ድሬዳዋ ያለ ወዳጄን ለምኜ ሼሪውንም ቬርሙቱንም አስመጣሁ። እኩል እኩል ለካሁ፣ እስከዚህ ድረስ ሐቀኛ ነበርኩ። ከዚያ ግን የጎደለው ጉልበት ስለሆነ አረቄ ጨመርኩበት። ማቅረቢያውን ደግሞ የውሃ ብርጭቆ አደረግኩት፤ እንግዳ ቤቴ መጥቶ የሳል ሽሮፕ አይጠጣም።

በመጪው ቅዳሜ ሁሉንም ወደ ግቢዬ ጠራሁ። ጋሼ የእሳቸውን ያቅርቡ፣ እኔ የእኔን። ዳኛው ሻይ ጠጪው ወዳጄ ነው፤ መጠጥ ስለማይቀምስ አያዳላም አልኩ። ዳኝነቱም ፊት በማየት ብቻ ይሆናል። ጋሼ ቀድመው መጥተው ተቀመጡ። ባለቤቴ በረዶ ይዛ ሄዳ ስለነበር በኋላ የጋሼን መጠጥ በትሪ ተሸክማ ከእሳቸው ቤት መጣች።

መጀመሪያ የእኔ ተቀዳ፣ ጢም ብሎ። ገና ሲጎድል ሞላሁ። «በቃኝ» ያለውን «በሞቴ» አልኩት። ብዙም አልቆየም፤ አንደኛው ጓደኛዬ ወንበሩ ላይ አንቀላፋ፣ ሌላው የግቢውን ፍየል ከልቡ ይቅርታ ጠየቀ።

«ፊታቸው ምን ይላል?» አልኩት ዳኛውን።

«ፊት የቀረው የለም» አለኝ።

ቀጥሎ የትሪው ቀረበ። ነቅቶ የቀረው ሁሉ አንዳንድ ትንሽ ብርጭቆ ይዞ ወሬው እንደገና ሞቀ። ቅናቴ አንደበቴን ፈታው። ቆምኩና ተናገርኩ። «ይሄ እኮ ብርጭቆ የታጠበበት ውሃ ነው» አልኩ። «ያማሰለው እጅ ፈዛዛ ነው። ነፍስ የለውም። ጋሼን ማለቴ አይደለም፣ ጋሼን አከብራለሁ፤ እጁን ነው።»

ጋሼ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ይንቀጠቀጣሉ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ማንኪያ አብሮ ተንቀጫቀጨ።

«ልጄ፣ እነዚህ ካማሰሉ ቆዩ። እናንተን የጠራሁ ዕለት ያማሰልኩት ኃይሌን ሰብስቤ ነው። ከዚያ ወዲህ የምታማስለው እሷ ናት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ‹አሁን በቃ› እላለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝም።»

ሁሉም ወደ ባለቤቴ ዞረ። እኔ ብቻ ወደ ፍየሉ ዞርኩ።

«እጄ ፈዛዛ ነው?» አለች።

«ያንቺ መሆኑን ባውቅ ኖሮ…»

«ብታውቅ ምን ትል ነበር?»

«ሞላ አድርጊው እል ነበር።»

ዳኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ትሪውን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ሰው ሁሉ ግን ሰማ። «ጆጉ ሲመጣ ለምን እንደምነሳ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

«ሥራ ያለሽ መስሎኝ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ምን ሥራ አለኝ? ራሴን ሳያመኝ እስከ መጨረሻው ከእናንተ ጋር መቀመጥ ነበር የምፈልገው። ጋሼ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ይሄን አስተማሩኝ።»

ከትሪው አንድ ትንሽ ብርጭቆ አንስቼ፣ ምንም ሳልጨምርበት ጠጣሁት።

አሁን ቅዳሜው እንደገና በእኛ ግቢ ሆኗል። እሷ ታማስላለች፣ ጋሼ አጠገቧ ሆነው «አሁን በቃ» ይላሉ። ለእኔ የተፈቀደልኝ በረዶ ማምጣትና ሎሚ መላጥ ነው፤ ልጣጩን ከነነጩ አወፍረዋለሁ፣ እሷም ትመልስብኛለች። እንግዳ ፊት የጎደለ ብርጭቆ ሳይ እጄን በጉልበቴ ስር እደብቃለሁ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ትቀመጣለች፤ ከጎኔ። የሀርሺኑን ነጋዴ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እናቱን ስታስመስል አሁንም እስቃለሁ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ መጠጧን አድንቆ ከማን እንደተማረች ጠየቃት። «አስተማሪዬ እሳቸው ናቸው» ብላ ወንበሯን ወደ ጋሼ አስጠጋች። ተነሳሁ። ግቢው ጥግ ያለው ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩና፣ መጥታ «ምን ሆንክ?» እስክትለኝ መጠበቅ ያዝኩ። ልጆቼን ለወግ ማዕረግ ያበቃሁ ሰውዬ ነኝ። ውጭ ሳቃቸው ይሰማኛል። ማንም አልመጣም። እግሬ ሲደነዝዝ በራሴ ጊዜ ወጣሁ፤ መጥፋቴንም ሆነ መመለሴን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።