ሽታዬ የማለችበት በር

ደንቢያ ሜዳ ዳር ባሉት ሦስት መንደሮች የተወለደውን ሕፃን ሁሉ የተቀበለችው ሽታዬ ናት። እሷም ታውቀዋለች፤ ትንሽ ኩራት ነበረባት። በ1950 ዓ.ም. ግን አንዲት ወላድ ደሟ አልቆም ብሎ እጇ ላይ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ምጥ በተጠራች ቁጥር አስቀድማ ማርያምን ትማጠን ጀመር።

በዓመቱ የመንግሥት ክሊኒክ ተከፈተና ሐብተ ማርያም የሚባል ወጣት ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ መጣ። ቤቷ ድረስ ሄዶ፣ "እማማ፣ ሴቶቹን ያምጡልኝ። ደም የሚያቆም መርፌ አለኝ። እርስዎም ከጎናቸው አይለዩም" አላት። ጎረቤቱ "ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን የሞተችባትን ሴት አስባ አመነችው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹን እያስቆመች፣ "ማርያምን! ከአጠገባችሁ አልለይም" ብላ ማለች። መጀመሪያ ያመጣችውም ምጥ የያዛትን የገዛ ልጇን፣ ሰብለ ወንጌልን ነው።

የዚያን ቀን ከጎንደር ሹማምንት ሊጎበኙ መጥተው ነበር። ሐብተ ማርያም ሰብለን አስገብቶ እናቷን ደጃፉ ላይ አገዳት።

"ዛሬ የመንደር አዋላጅ አይገባም። እንግዳ አለብኝ።"

"ምነው ሐኪም? ያሉኝን ረሱት?"

ሰብለን የብረት አልጋ ላይ በጀርባዋ አስተኛት፤ በሩን ቆልፎ ከእንግዶቹ ጋር ጭቃ ሹሙ ቤት ምሳ ሄደ።

ሽታዬ ከውጭ ሆና ሁሉን ትሰማለች። ሰብለ "እማዬ ነይ!" ስትላት በሩን በድንጋይ ደበደበችው። "ተንበርከኪ ልጄ! ተነሺና ተንበርክከሽ ውለጂ!" እያለች ጮኸች። ኋላ የሰብለ ድምፅ ቀረ።

ሐብተ ማርያም ሲመለስ ሕፃኑ ታፍኖ ሞቷል፤ እናቲቱን መርፌው አተረፋት። ለሹማምንቱ ሽታዬን በጣቱ እያሳየ፣ "ቤት አቆይታ ነው ያመጣቻት" አላቸው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ከሁሉ ያቃጠላት መርፌው እውነት መሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን ረግማው ትተወው ነበር።

ስለዚህ ወላዶችን ማምጣቷን አልተወችም። ግን የወፍጮዋን መጅ አዝላ ትመጣና በሩ እንዳይዘጋ ደፉ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሐብተ ማርያም አንድ ቀን አንሺው ቢላት፣ "የእርስዎን ቃል አይቼዋለሁ፤ ድንጋዬ ይሻለኛል" አለችው። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩን እየተራመደ ይገባ ይወጣ ጀመር።

ሰብለ ወንጌል እንደገና አርግዛ ምጧ ሲመጣ፣ ሽታዬ መጇን አዝላ ልጇ ደጅ ደረሰች። ሰብለ የበሩን መቃን ይዛ ታምጣለች።

"አልለይሽም ብለሽ የማልሽልኝ እሱ አይደለም፤ አንቺ ነሽ" አለቻትና በሩን ዘጋችባት።