ታደለች እጇን ያወጣች ቀን

ባለፈው ሳምንት ከሶዶ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ ችግኝ የያዙ ተማሪዎች አገኘሁ። ሰኔ ገብቷል፤ የችግኙ ጭቃ በክንዳቸው ላይ ይወርዳል። መምህርታቸው ገና ልጅ ናት። ፊቷን ወደ እነሱ አዙራ ወደ ኋላ እየተራመደች "ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ?" ስትላቸው፣ በአንድ ድምፅ "እንናገራለን!" አሉ። ዳር ይዤ አሳለፍኳቸው። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይነቃነቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ የለም።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ከአረካ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ሶዶ ተወልጄ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ በቀዩ ጭቃ ላይ መሄድን የተማርኩት እዚያ ነው። ከትምህርት ቤቱ በላይ ጥቂት ዛፎች ብቻ የቀሩበት የተራቆተ ኮረብታ ነበር፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩን ጠርጎ ክፍላችን ድረስ ያመጣው ነበር። እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ተከልሎ፣ እንጨት መቁረጥም ከብት ማስገባትም ተከልክሎ ነበር። እኔ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ ተደረግሁ። ሥራዬን እወደው ነበር፣ ምናልባት ከመጠን በላይ።

አንድ ዓርብ ለአራተኛ ክፍሎች "ኮረብታው የሁላችንም ነው፤ የሚቆርጥ ካያችሁ ማንም ይሁን ማን ተናገሩ" አልኳቸው። ታደለች እጇን አወጣች። የፊት ጥርሶቿ ፍንጭት ናቸው፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው።

"ቲቸር፣ አባቴ ቆረጠ። አንድ ትልቅ።"

"ጎበዝ! አጨብጭቡላት" አልኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሷም አብራ ለራሷ አጨበጨበች።

የክበቡን ሳምንታዊ ሪፖርት ለቀበሌ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የአባቷን ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ አስገባሁ። ሰኞ ዕለት የቀበሌው ታጣቂዎች አባቷን አቶ ዳናን ግንዱን አሸክመው በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ወሰዷቸው። እረፍት ሰዓት ስለነበር ልጆቹ ሁሉ አዩ። አራት ቀን ታሰሩ። ታደለች ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቀረች።

በተፈቱ ማግስት ቤታቸው ሄድኩ። የሣር ቤቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ በሁለት ቀጫጭን ባሕር ዛፍ ተደግፏል። እናቲቱ የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረቡልኝ። አቶ ዳና ወጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"አቶ ዳና፣ ይታሰራሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር" አልኳቸው።

"ያስተማርሽው ልክ ነው፣ ልጄ። ዛፉን ቆርጫለሁ። ምሰሶውን ምስጥ በላው፤ ዝናብ ደግሞ አይጠብቅም።"

"ታደለችን ላናግራት?"

ወደ ጓሮ ዞረው ተጣሩ። እንሰቱ መሃል ቆማ አየኋት። አልመጣችም።

"ከታሰርኩ ወዲህ አትናገርም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔም እናቷም አልተቆጣናትም። ዝም ብላ አፏን ዘጋች።"

እንግዳ ምግብ ሲተው ነውር ስለሆነ ጎደሬውን ሁሉ በላሁ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ እንጂ ጣዕሙ አልታወቀኝም።

በማግስቱ ቀበሌ ሄጄ ግንዱ እንዲመለስላቸው ለመንኩ። ጸሐፊው ቀና ሳይል "ኤግዚቢት ነው" አለኝ። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሦስተኛ አልሄድኩም። ሐምሌ ላይ አቶ ዳና ቤቱ በላያቸው ሳይወድቅ አፍርሰው፣ ቤተሰቡን ይዘው ዱቦ አካባቢ ወደ ሚስታቸው ዘመዶች ሄዱ። ማንም እንድሰናበታቸው አልጠራኝም። ግንዱ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ዝናብ ሲወርድበት ከረመ። እንጉዳይ አበቀለ፤ በኋላም ፈረሰ። ወደ ሥራ ስሄድ በየቀኑ በአጠገቡ አልፍ ነበር።

አላለቀስኩም። እንዲያውም በዚያ ዓመት ክበባችን ተመስግኗል፤ እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

አምና በአረካ በኩል ሳልፍ ከሚኒባሱ መስኮት ኮረብታውን አየሁት። ጥቅጥቅ ያለ ደን ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "እንዴት ያምራል!" አለች። "አዎ፣ ያምራል" አልኩ። እውነት ነው፣ ያምራል። ያስተማርኩት ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን ቁረጡት አልልም። ነገር ግን ለዚያች ልጅ ካስጨበጨብኩላት በኋላ፣ ማታ ወደ ማን ቤት እንደምትገባ አላሰብኩም።

ባለፈው ሳምንት ለዚያች ወጣት መምህርት ይህን ልነግራት እችል ነበር። ሰልፉ አለፈ፤ እኔም መንገዴን ቀጠልኩ። ታደለች በሕይወት ካለች አሁን ጎልማሳ ሴት ናት። ዳግም መናገር መቼ እንደ ጀመረች አላውቅም።